የዛሬው ቮልት

በማስተምርበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ከቀኑ ሥር፣ በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አለ። «የዛሬው ቮልት» ብዬ እጽፍና ጠዋት ከቤተ ሙከራው ሶኬት የለካሁትን አኖርበታለሁ። አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች መጀመሪያ ይስቃሉ። «ቲቸር፣ የአየር ትንበያ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ነባሮቹ ምክንያቱን ያውቃሉ፤ ያላወቀውንም ገላመጥ አድርገው ዝም ያሰኙታል።

ምክንያቱን አሁን ልጽፈው የተነሣሁት ስለ ፊዚክስ ብዬ አይደለም። በወጉ ያላመሰገንኳቸው ሁለት ሰዎች ስላሉ ነው።

ሀገሬ ጎጃም ነው። ፊዚክስ ላስተምር ተመድቤ ጭሮ ስመጣ እናቴ ዳዊቴን፣ አንድ ጠርሙስ ጠበልና ምክር አስይዛኝ ነበር። ምክሩ «የማታውቂው ሰው ቤት ቶሎ አትግቢ» የሚል ነው። በደረስኩ በማግስቱ ገባሁ። ቤት ያከራዩኝ ሴት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየፊናቸው የሄዱባቸው ሙስሊም ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። እኔም ሳላስበው «አዮ» ማለት ጀመርኩ። እርሳቸው «ኢንተለ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ሲሉ። አማርኛቸው ፈጣን ነው። አንዳንዴ ሲቸኩሉ «አንተ» ያደርጉኛል፤ ሲቆጡኝ ደግሞ «እርስዎ»።

ሰው አገር መኖር እንዴት እንደሚከብድ እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ የከበደኝን ያህል ያቀለሉልኝ አሉና። በጾሜ ቀን ቅባት የነካው ድስት በእኔ በር በኩል አያሳልፉም ነበር። አንድ ጊዜ የጾም ሽሮ ሠርተው ሲያቀብሉኝ «ማንኪያውም አዲስ ነው፤ ዛሬ ነው የገዛሁት» አሉኝ። እኔ ያን ያህል አጥብቄ አልነገርኳቸውም ነበር። ራሳቸው አስበውት ነው።

ያን ዓመት በጋ ላይ ፈንግል ገባ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በሰፈራችን ዶሮ የሚባል ነገር ጠፋ። አዮ አሥራ አራት ነበሯቸው፤ አንዲትም አልተረፈች። ጠዋት አውራ ዶሮ ሳይጮኽ ሲነጋ ቀኑ የተጀመረ አይመስልም። አዮ በራቸውን ከፍተው ባዶውን ግቢ ሲያዩ የሚያናግሩት አጥተው ተመልሰው ሲገቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዶሮዎቹን በስድብ ነበር የሚያናግሯቸው፤ ስድቡ ራሱ ናፈቀኝ።

ታዲያ አንድ ቀን በአፎሻ ላይ ቃል ገብተው መጡ። አፎሻ እኛ እድር የምንለው ነው፤ የጎረቤት ሴቶች ማኅበር። «ዶሮውን እኔ መልሼ አመጣለሁ አልኳቸው» አሉኝ።

«እንዴት አድርገው፣ አዮ? የምትታቀፍ ዶሮ እንኳን የለችም።»

«ፍሪጅ ይታቀፋል።»

የቀልዳቸው መስሎኝ ሳቅሁ። በሳምንቱ ግን ሂርና ካለ ዘመዳቸው ሞተሩ የሞተ ትንሽ ፍሪጅ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጣ። ነገሩ ሞኝነት አልነበረም። ቅዝቃዜን አላስወጣ ብሎ የተሠራ ሳጥን ሙቀትንም አያስወጣም። ውስጡን በትክክለኛው መጠን የሚያሞቀው ነገር ብቻ ነው የሚጎድለው። «እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «የመብራት አስተማሪ አይደለሽ?»

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ምድጃና ካውያ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቅዳሴ ላይ ሁልጊዜ እንተያያለን፤ ከዚያ ውጪ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ፍሪጁን በባጃጅ አስጭነን ወሰድንላቸው። በሩን ከፍተው አዩ፣ በጣታቸው ግድግዳውን መቱት፣ አሰቡ።

«ለዚች የመቶ ዋት አምፖልና ትንሽ ጭማሪ ይበቃታል» አሉ። «ችግሩ ያ አምፖል ከገበያ ጠፍቷል። አሁን ያለው ያበራል እንጂ አይሞቅም።»

«በሽቦ ይሠራ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «የማሞቂያ ሽቦ አለዎት አይደል?»

«አለኝ። ስንት ሜትር ልቁረጥ?»

«እሱን እኔ አሰላዋለሁ።»

ያን ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ለሰው ሊጠቅም ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ኃይል ማለት ቮልቱ በከረንቱ ሲባዛ ነው። የምፈልገው መቶ አሥር ዋት ነው፤ ቮልቱ ሁለት መቶ ሃያ ነው፤ ስለዚህ በሽቦው ውስጥ ማለፍ ያለበት ከረንት ግማሽ አምፔር ነው። ተቃውሞ፣ ተማሪዎቼ ሬዚስታንስ የሚሉት፣ ደግሞ ቮልቱ ለከረንቱ ሲካፈል ነው። ሁለት መቶ ሃያ ለግማሽ ሲካፈል አራት መቶ አርባ ኦም። የሽማግሌው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበርና በሜትር ሠላሳ አምስት ኦም ያህል አለው፤ አሥራ ሁለት ሜትር ተኩል ሆነ። ጥንቁቅ ነኝ፤ ሁለቴ ሠራሁት፣ ወረቀቱን ገልብጬም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አረጋገጥኩት። አማትቤ ሰጠኋቸው።

ሽቦው በሸክላ ላይ ተጠመጠመ፣ ፍሪጁ ቤት ተመለሰ። ሙቀት የሚቆጣጠር ዕቃ ከተማው ውስጥ ስላላገኘን በሩ ላይ አራት ቀዳዳ ተበስቶ፣ ሲሞቅ እንዲከፈት ሲበርድ በጨርቅ እንዲወተፍ ሆነ። ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ቴርሞሜትር ከሽቦው አጠገብ ሰቀልኩ። ለሙከራ ብለን የአፎሻው ሴቶች ከየዘመዱ ያመጡትን ሠላሳ እንቁላል ደረደርንበት።

በሦስተኛው ቀን አዮ አንድ እንቁላል አንሥተው ዐይናቸውን ጨፈኑና ሽፋሽፍታቸው ላይ አሳረፉት። እዚህ አገር ዶሮ የሚያረቡ ሴቶች የታቀፈ እንቁላል የሚለኩት እንዲህ ነው፤ እጅ ሥራ ስላደነደነው አይታመንም፣ የዐይን ቆዳ ግን አይዋሽም ይላሉ።

«ኢንተለ ኮ፣ ይሄ እንቁላል በርዶታል።»

«አዮ፣ ሂሳቡ ልክ ነው። ቴርሞሜትሩንም ይዩት።»

«ሂሳቡ ልክ ነው» አሉ እንቁላሉን በቀስታ እየመለሱ፤ «እንቁላሉ ግን በርዶታል።»

ቀዳዳዎቹን በሙሉ ወተፉ። ብርድ ልብስ ደረቡበት። በየቀኑ ዐይናቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ እኔም በየቀኑ ቴርሞሜትሩን አያለሁ። ሃያ አንዱ ቀን ሞልቶ ሃያ አምስት ሆነ። ሰበርናቸው። ሠላሳውም ባዶ ወይም ገና ሲጀምር የቀረ ነበር። የጓሮው ዘይቱን ሥር ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። ያን ዕለት ማታ እንደ ወትሮው በሬን አንኳኩተው ምግብ አቀበሉኝ። ቢቆጡኝና «እርስዎ» ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ቴስተራቸውን በኪሳቸው ይዘው መጡ። ፍሪጁን ሳያዩ በቀጥታ ወደ ሶኬቱ ሄዱ። ሁለቱን እግሮች ሰክተው ቁጥሩን ወደ እኔ አዞሩት። መቶ ስድሳ አምስት።

«ይሄ ሁለት መቶ ሃያ ያልሽው ቮልት የት አገር ነው ያለው?»

«መጽሐፉ ላይ» አልኩ በትንሽ ድምፅ።

«እንግዲያው እንቁላሉን መጽሐፉ ላይ አስታቅፊው፣ ቲቸር!»

አዮ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበርና እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ይነድዳል። ሰፈራችን የመስመሩ ጫፍ ነው። ከላይ ያለው ቤት ሁሉ ምድጃውን ሲሰካ እኛ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ይህን እያንዳንዷ ሴት ታውቃለች፤ ምድጃዋ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚለግም በቃሏ ትነግርሻለች። እኔ ብቻ፣ የመብራት አስተማሪዋ፣ አልጠየቅሁም። ቴርሞሜትሬም ከሽቦው አፍንጫ ሥር ተሰቅሎ የሽቦውን ሙቀት እንጂ የእንቁላሉን አልነገረኝም።

ያንኑ ስሌት እንደገና ሠራሁት። ሽቦው አራት መቶ አርባ ኦም ነው፤ እሱ አይለወጥም። መቶ ስድሳ አምስት ለአራት መቶ አርባ ሲካፈል ከረንቱ ግማሽ አምፔር ሳይሆን ወደ ሦስት ስምንተኛ ይወርዳል። ይህንኑ በመቶ ስድሳ አምስት ስናባዛው ስድሳ ሁለት ዋት። ቮልቱ የቀነሰው በሩብ ነው፤ ሙቀቱ ግን ወደ ግማሽ ተጠግቶ ነበር። ቮልቱ ሲቀንስ ከረንቱንም ይዞ ስለሚወርድ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ሠላሳ እንቁላል ከቀበርኩ በኋላ ነው የገባኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ አዮ።

«ሽቦውን ማሳጠር» አሉ ሽማግሌው።

«ሲያጥር ይበልጥ ይሞቃል?»

«መብራቱ ሲደክም መንገዱን ያሳጥሩለታል» አልኳቸው። «ሽቦው ሲረዝም የሚቃወመው ይበዛል።»

«ገባኝ» አሉ። «እኔም ከገበያ ወደ ላይ ሰፈር ስወጣ እንደዚያው ነኝ።»

ለመቶ ስድሳ አምስት ቮልት የሚሆነውን አሰላሁ። ሁለት መቶ አርባ ኦም ቢቀር ከረንቱ ወደ ሰባት ዐሥረኛ አምፔር ይደርሳል፤ ኃይሉ መቶ አሥራ ሦስት ዋት ገደማ። ሽማግሌው ከአራት መቶ አርባው ላይ ሁለት መቶ ኦም ቆረጡና ቁራጩን ወደ ደጅ ሊወረውሩ እጃቸውን አነሡ።

«ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

«ምን ልታደርጊው? እንደ ጨርቅ ቁራጭ ልትጥፊው ነው?»

ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። የተረፈ ነገር መጣል አልወድም፣ እንደዚያ አድጌ ነው። ጠቅልዬ በወረቀት አሰርኩት፤ ላዩ ላይ «ከፍሪጁ የተቆረጠ፣ 200 ኦም» ብዬ ጻፍኩና ጧፌንና ጠበሌን በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት።

ያን ጊዜ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገብተው ነበር። ክርስቲያኖቹ እንቁላል አንነካም፤ ሙስሊሞቹም በቀን አይበሉም። አዮ አፎሻውን ሰብስበው ለሁለተኛ ጊዜ እንቁላል ጠየቁ። ሴቶቹ በመሰላ በኩል ካሉ ዘመዶቻቸው፣ በሽታው ካልደረሰበት ገጠር፣ በጭድ እየሸፈኑ አመጡ። እርሳቸውን ጨምሮ አሥር ሴቶች ናቸው። የማን የማን እንደሆነ እንዲታወቅ እያንዳንዷ በእንቁላሏ ላይ ምልክት አደረገች፤ አንዷ መስቀል፣ አንዷ ጨረቃ፣ አንዷ ሦስት ነጥብ። አንዷ ሌላ አልመጣልኝም ብላ የባሏን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች።

«ባልሽን ልታስፈለፍይ ነው?» አለቻት ባለ ጨረቃዋ።

«ምን አለበት፣ አዲስ ቢወጣ!»

ባለ ጨረቃዋ ምላሷ የሾለ ነው። እየሳቀችም ቢሆን መጠየቅ ያለበትን ጠየቀች፤ «አዮ፣ ያለፈው ሠላሳው የት ገባ?»

አዮ እኔን አላሳበቁም። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ። «ይሄኛው ካልተፈለፈለ ሁለተኛ እንቁላል አምጡ አልላችሁም። ስለ ዶሮም አፌን አልከፍትም።»

ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ስሜን ሳያነሡ ጥፋቴን ተሸከሙት። ዘጠና ስድስት እንቁላል ነበር፤ ለእነዚያ ሴቶች በቅርብ ያለው እንቁላል በሙሉ፣ ለአዮ ደግሞ በሰፈራቸው ያለ ቃላቸው በሙሉ።

ይህኛው ጊዜ እንቁላል ከመግባቱ በፊት ፍሪጁን ሦስት ቀን ባዶውን አስሞቅነው። ቴርሞሜትሩ ወርዶ እንቁላሎቹ መሐል ተኛ። እኔ ቁጥሩን አነባለሁ፣ አዮ ዐይናቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው የምንረጋው። በሰባተኛው ቀን በስልክ ባትሪ ብርሃን አየናቸው። በቅርፊቱ ውስጥ ቀያይ ሥሮች እንደ ሸረሪት ተዘርግተዋል። አዮ «ያ ረቢ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ ያን ዕለት ለአሰቦት ሥላሴ ጧፍ ተሳልኩ። ለእንቁላል ብሎ ስለት ያስቃል ይሆን ብዬ ትንሽ ፈርቼ ነበር፤ ኋላ ግን ለሰው እንጂ ለእንቁላል እንዳልሆነ እርሱ ያውቃል ብዬ ተውኩት።

የዛሬውን ቮልት ሰሌዳ ላይ መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የሽማግሌው ሱቅም መብራት የሚያገኙት ከእኛው መስመር ነው። መቶ ስድሳ ስድስት፣ መቶ ስድሳ ሦስት፣ መቶ ስድሳ አምስት። ተማሪዎቼ በዚያው ቁጥር ያካፍላሉ፣ ያባዛሉ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መብራት ሄደና ተመልሶ መጣ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ቀና ብላ አየችና «ቲቸር፣ ሸምበቆው ዛሬ ሳይርገበገብ በራ እኮ» አለች። የጣሪያው ሸምበቆ መብራት ሁልጊዜ አሥር ጊዜ ብልጭ ድርግም ካላለ አይበራም ነበር። ቴስተሬን አንሥቼ ሶኬቱ ላይ ሰካሁ። ሁለት መቶ ሃያ። አውጥቼ እንደገና ሰካሁ። ሁለት መቶ ሃያ አንድ።

«አዲስ ትራንስፎርመር እኮ ተከሉ!» አለ ከኋላ አንዱ። «ጠዋት ሲሰቅሉት አየን።» ክፍሉ አጨበጨበ።

እኔ ሰሌዳው ላይ የጠዋቱን ቁጥር አጠፋሁና ሁለት መቶ ሃያ ጻፍኩ። እጄ ራሱ ቀጠለ። ሁለት መቶ ሃያ ለሁለት መቶ አርባ። ከረንቱ ወደ አንድ አምፔር ሊጠጋ። ሲባዛ በሁለት መቶ ሃያ፤ ሁለት መቶ ዋት። መቶ አሥር ለሚበቃው ሳጥን ሁለት መቶ ዋት። የጫጩት ልብ በየእንቁላሉ ውስጥ ይመታል፤ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷቸዋል።

«ቲቸር፣ ምን ሆንሽ?»

«እንቁላሎቹ» አልኩና ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ታሪኩን ስለሚያውቁ ማንም አልሳቀም።

ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «አቦ ቲቸር፣ ምንድን ነው የተቃጠለው?»

«እንቁላል።»

«እንቁላል? ታዲያ ሌላ ትጠብሻለሻ!» ትንሽ ነዳና ራሱ አሰበበት። «ቆይ፣ በጾም ነው የምትጠብሽው?» እኔ «አቤቱ ማረን» እያልኩ ነበር። ከንፈሬን ሲያይ ቀልዱን ተወና ፈጥኖ ነዳልኝ።

ቤት ስደርስ አዮ ፍሪጁ ፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በአንድ እጃቸው የተነቀለውን ገመድ፣ በአንድ እጃቸው እንቁላል ይዘው ሽፋሽፍታቸው ላይ አሳርፈውታል።

«ዐይኔን አቃጠለኝ» አሉ ሳይገልጡት። «የሳሎኑ አምፖል ነጣብኝ። እንዲህ ነጥቶ አያውቅም። መጥቼ ብነካው...» ከዚያ ገለጡና አዩኝ። «ኢንተለ ኮ፣ ዛሬስ ሂሳቡ ምን ይላል?»

«ሂሳቡም አቃጠለኝ ነው የሚለው፣ አዮ።»

ሠላሳ ስምንት ገደማ መቆም የነበረበት ቴርሞሜትር ከአርባ በላይ ወጥቶ መውረድ ጀምሯል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አናውቅም። እንዲሁ ነቅለን ብንተወው ደግሞ ይበርዳል። አዮ መብራት ሲጠፋ እንደሚያደርጉት የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ሞልተው በየመደርደሪያው አስገቡ፤ እኔ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ጧፍ፣ ጠበል፣ ወረቀት። «ከፍሪጁ የተቆረጠ፣ 200 ኦም»። ሁለት መቶ አርባ እና ሁለት መቶ፤ አራት መቶ አርባ። የመጀመሪያው፣ የተሳቀበት፣ የመጽሐፉ ሽቦ።

ልቀጥለው ስታገል የግቢው በር ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው። ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ በአንድ ኪሳቸው ሽቦ የሚጋጠምበት የሸክላ መያዣ፣ በሌላው አሮጌ ማብሪያ ማጥፊያ።

«ሱቄ ውስጥ አምፖሉ ሲነጣ...» አሉና ተቀመጡ። «ያን ቁራጭ ጥለሽው ከሆነ ግን ዛሬ ከአንቺ ጋር አልነጋገርም።»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ፤ ስለ ጨርቅ ቁራጭ ያሉትን ሁለታችንም አስታውሰናል። «ጎበዝ» አሉ ብቻ።

ሁለቱን ሽቦ በሸክላው አገጣጠሙና በብሎን አጠበቁ። ማብሪያ ማጥፊያውን ደግሞ በመቀጠያው ላይ አስገቡት። አሳቡ የእርሳቸው ነው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። መብራቱ ሙሉ ሲሆን ከረንቱ በሁለቱም ሽቦ ያልፋል፤ ሲደክም ማብሪያው ይጫናል፣ ሁለት መቶ ኦሟ ትታለፋለች። «መብራት እዚህ አገር እንግዳ ነው» አሉ። «ሲመጣም ሲሄድም ቦታ ሊዘጋጅለት ይገባል።»

ሰክተን ከረንቱን ለካሁ። ልክ ግማሽ አምፔር። ሁለት መቶ ሃያ በግማሽ፤ መቶ አሥር ዋት። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ቁጥር፣ አንዲትም ሳይጎድል። አዮ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው አንድ እንቁላል አነሡና ዐይናቸው ላይ አሳረፉት። እኔና ሽማግሌው እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ቆመናል።

«እህ» አሉ። «አሁን የዶሮ ሆድ ሆነ።»

ማብሪያውን ለደካማ መብራት በየት በኩል እንደሚጫኑ እንዳይረሱት በሂና አንድ ቀይ ነጥብ አደረጉበት። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነበር። የተቃጠሉትና የተረፉት ከውጭ አይለዩም። በሃያኛው ቀን ጠዋት አዮ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ጆሯቸው ያስጠጉ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ዝም አሉ። አምስተኛውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጆሮ አስጠጉት። ከውስጥ በጣም ቀጭን፣ በጣም የተናደደ ድምፅ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰባ ሁለት ጫጩት ነበር። ሃያ አራቱ አልወጡም፤ እነሱንም ዘይቱን ሥር ከፊተኞቹ አጠገብ ቀበርን። አሥሩ ሴቶች ካርቶን ካርቶናቸውን ይዘው መጡ። ባለ ጨረቃዋ ወዲያው፣ «የእኔ አሥራ ሁለት ነበር፤ ጫጩቶቼን አምጡ!» አለች።

ጉዱ ያኔ ነው የታየን። መስቀሉም፣ ጨረቃውም፣ ነጥቡም፣ የባልየው ፊደልም ከቅርፊቱ ጋር ተሰባብሮ ፍሪጁ ውስጥ ተከምሯል። ጫጩቶቹ አንድ ላይ ተደባልቀው ይጮኻሉ። ያን ሁሉ ቀን ሳሰላ ይህን ያሰበ ማንም አልነበረም።

«ውሰጂ» አሉ አዮ ካርቶኗን እየተቀበሉ። «ጨረቃ ያለባትን መርጠሽ ውሰጂ።»

ባለ ጨረቃዋ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሁሉም ሳቁ። ብዙ ያመጣችም ጥቂት ያመጣችም ሰባት ሰባት ወሰዱ፤ ማንም አላጉረመረመም። ሁለት ተረፉ። አዮ አንዷን በእጃቸው አፍነው አመጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ገለቶሚ» አሉኝ፣ ተመስገኚ ሲሉ። እኔ ነበርኩ ማለት የሚገባኝ። እንባዬ ቀደመኝና ሳልል ቀረሁ። ሌላዋ የሽማግሌው ሆነች፤ «ሁለት መቶ ኦም» ብለው ሰየሟት፤ አሁን ሱቃቸው በር ላይ ቆማ ደንበኛ ትነቁራለች።

ሐምሌ ላይ አሰቦት ስሄድ የተሳልኩትን ጧፍ ይዤ ነበር። ስወጣ አዮ በር ላይ ጠብቀው አንድ እስር ጧፍ ጨመሩልኝ። «እኔም በልቤ ብያለሁ» አሉኝ። እናቴ ስትደውል አሁንም «ማን ይጠይቅሻል፣ ልጄ?» ትለኛለች። ስለ ሽቦው ነግሬያታለሁ። ሂሳቡ አልገባትም፤ እንቁላሉን ዐይን ላይ ስለማሳረፉ ግን ደግማ ደጋግማ አስነገረችኝ።

ፍሪጁ ዛሬም ይታቀፋል። መብራቱ አንዳንድ ሳምንት ሙሉ ነው፣ አንዳንዴ እንደ ድሮው ይደክማል። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ አዮ ከሶላታቸው ተነሥተው መስኮታቸውን ከፍተዋል።

«ኢንተለ ኮ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

ወደ ክፍሌ መለስ ብዬ ቴስተሬን ሶኬቱ ላይ ሰክቼ አነባለሁ። «መቶ ሰባ፣ አዮ።»

«ቆይ» ይላሉ። ድምፃቸው ትንሽ ይጠፋል፤ እንቁላል ዐይናቸው ላይ እያሳረፉ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ባለ ቀይ ነጥቡ ማብሪያ ቀጭ ይላል።

«ልክ ነሽ» ይሉኛል። «በርዶታል።»